ክፉ ወሬ የማይደርሰው አለቃ

ቡና ላይ የሠራ የጅማ ሰው ይህን አይስተውም። ለታጠበ ቡና የሚሆን እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል፣ ማለትም ቀይ ልጣጩ መላቀቅ አለበት። ካደረ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል። ጥቂት የተበላሸ ፍሬ ደግሞ የደህናውን ሁሉ ጣዕም ያበላሻል።

እንበል ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መፈልፈያው ቆመ። ማሽኑ ላይ ያለው ልጅ ስልኩን ያወጣል። አለቃውን ያውቀዋል። ደውሎ «ጋሼ፣ ማሽኑ ቆሟል» ቢል የሚጠብቀው «አንተ ደግሞ መቼ ነው ሰው የምትሆነው!» የሚል ጩኸት ነው። ስልኩን መልሶ ኪሱ ይከታል። ብቻውን ሲታገል ያመሻል። ያደረውን እሸት ጠዋት ከአዲሱ ጋር ደባልቆ ያስገባል። በኋላ ናሙናው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የጅማ ቅርንጫፍ ሲቀመስ ጉድለቱ ይወጣል፤ ደረጃው ይወርዳል። አለቃው «ማንም አልነገረኝም» ይላል። እውነቱን ነው፣ ማንም አልነገረውም።

ስለ ስሜታዊ ብልህነት የሚወራው ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው። የራስንና የሌላውን ስሜት ለይቶ ማወቅ፣ ያንንም ለሐሳብና ለተግባር መምሪያ ማድረግ ነው ያሉት። እ.ኤ.አ. በ1995 ጸሐፊው ዳንኤል ጎልማን በመጽሐፉ ለሰፊው ሕዝብ አደረሰው። ዛሬ በየሥልጠናው ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን እንደ መልካም ጠባይ ብቻ ነው የሚቀርበው። ይህ አይበቃም። ቁጣውን የማይገዛ አለቃ የገዛ ሥራው ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ማወቅ አይችልም።

ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን አጥንታ ነበር። በደንብ የሚመሩት ቡድኖች ትንሽ ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ጠብቃለች። መዝገቡ ተቃራኒውን አሳየ፤ ብዙ ስህተት የተመዘገበው እነሱ ጋ ነው። ነገሩን ስትመረምረው፣ እነዚህ ሰዎች የተሻለ ይናገሩ ነበር እንጂ የባሰ አይሳሳቱም ነበር።

ጅማ ሐኪምና ነርስ የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። በሽተኛ ፊት የተሰደበ ተለማማጅ በማግስቱ «ዶክተር፣ ይህ መጠን አልበዛም?» ብሎ ይጠይቃል? «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ ያልፋል እንጂ። ዋጋውን የሚከፍለው አልጋ ላይ የተኛው ነው። በመሥሪያ ቤት ግምገማም ያው ነው። ሰው ፊት ተዋርዶ «ሒስህን ዋጥ» የተባለ ሠራተኛ፣ ከዚያ በኋላ የሚያመጣው ሪፖርት ያማረ ብቻ ነው።

እዚህ ከተማ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በአንድ ግቢ ውስጥ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛና ከፊኛ ተናጋሪው አብሮ ይሠራል። የደነገጠ ሰው በሁለተኛ ቋንቋው ማስረዳት ይከብደዋል። ቃል ሲጠፋው ዝም ይላል። አለቃው ዝምታውን ንቀት ያደርገውና የባሰ ይጮኻል። ስንት ጎበዝ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ሥራውን ጥሎ እንደሄደ ሳስብ ያንገበግበኛል። ቁጭ አድርጎ፣ ውሃ አቅርቦ፣ በሚቀናው ቋንቋ አስረዳኝ ማለት ምን ያህል ደቂቃ ይወስዳል?

«ለስላሳ ከሆንኩ ይንቁኛል» የሚሉ አለቆች አሉ። ልስላሴ አልጠየቅኩም። ሰክሮ የመጣ ወይም ሚዛን ያጭበረበረ ይጠየቅ። ለዚያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ፤ ስድብ ግን በየትኛውም አንቀጹ እንደ ቅጣት አልተጻፈም። ማሽኑ ቆመ ሲባል የአለቃው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ኩንታል ቀረ?» ይሁን። የጎረቤት መፈልፈያ ጋ ደውሎ እሸቱን ያድን። ጥፋተኛው ማን ነው የሚለው ለነገ ይደርሳል፤ ያውም ለብቻ ተጠርቶ።

ባለንብረቶች ሥራ አስኪያጅ ሲቀጥሩ ስለ ቡና እውቀቱ አጥብቀው ይጠይቃሉ። ከእሱ ሥር የሠሩትን ግን ማንም አይጠይቅም። ዘንድሮ ለቀማው ሳይጀመር የማሽን ልጆችንና ማድረቂያ አልጋ ላይ የሚለቅሙትን እናቶች ለየብቻ ያነጋግሯቸው። «አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ ለማን ትናገራላችሁ?» ይበሏቸው። ሁሉም የአለቃውን ስም ከዘለሉ፣ ቦታውን ለሌላ ሰው ይስጡ።