ስልኩን ዘግተው በሩን ይስበሩ?

ሰሞኑን አንድ «የጸጥታ ተንታኝ» ዩቲዩብ ላይ ቀርቦ ከአጋች ጋር መደራደር ጊዜ ማባከን ነው ሲል ሰማሁት። ፖሊስ በር ሰብሮ መግባት ነው ያለበት ይላል። ማስረጃው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ለንደን በሚገኘው የኢራን ኤምባሲ የሆነው እገታ ነው። ኮማንዶዎቹ ገቡ፣ ታጋቾቹን አወጡ፣ አለቀ።

ወይ ጉድ! ኮማንዶዎቹ የገቡት እኮ በስድስተኛው ቀን ነው። እስከዚያ አምስት ታጋቾች ተለቀዋል። የመግባቱ ትእዛዝ የመጣውም አጋቾቹ አንድ ሰው ገድለው አስከሬኑን ከጣሉ በኋላ ነው። ኮማንዶዎቹ ለመግባት ሲዘጋጁ እንኳ ተደራዳሪው የአጋቾቹን መሪ በስልክ ወሬ ይዞት ነበር። ይህን ሳያነቡ ካሜራ ፊት መቀመጥ ድፍረት ነው።

በር መስበር ምን እንደሚያመጣ ማየት የፈለገ ዋኮን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ እዚያ፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ የሃይማኖት ቡድን መሪውን ዴቪድ ኮሬሽንና ተከታዮቹን 51 ቀን ከበበ። በንግግር 35 ሰዎች ወጡ፤ 21ዱ ልጆች ናቸው። ችግሩ አንዱ የኤፍቢአይ ቡድን በስልክ ሲያባብል ሌላው በብረት ለበስ ማስፈራራቱ ነው። ሁለት ሰዎች የወጡ ዕለት ማታ የግቢው መብራት ተቆረጠ። ሰባት ሰዎች የወጡ ዕለት ደግሞ ጆሮ የሚበጥስ ሙዚቃ ሌሊቱን ተለቀቀባቸው። እሺ ላለ ሰው ሽልማቱ ይህ ከሆነ ማን ሞኝ ይወጣል? ብዙም ሳይቆይ የሚወጣ ሰው ጠፋ። በመጨረሻም ብረት ለበሶቹ ግድግዳ እየደረመሱ አስለቃሽ ጋዝ ረጩ፣ እሳት ተነሳ፣ 76 ሰዎች አለቁ። እሳቱን የለኮሱት ውስጥ የነበሩት ናቸው ይላል የመንግሥት ምርመራ። ይሁን። ግን ተደራዳሪዎቹ በቀን የገነቡትን ማታ ማታ ያፈረሰው ማን ነው?

የኒውዮርክ ፖሊስ ከአጋች ጋር መደራደርን በሥልጠና የሚሠራ ቡድን ካቋቋመ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ሠልጣኙ አጋች መስሎ ከሚጮህበት ባልደረባው ጋር ይለማመዳል። አጠገቡ ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ማስታወሻ እየጻፈ ያቀብለዋል። ተደራዳሪ ትእዛዝ አይሰጥም፣ አዛዥም አይደራደርም። በትዕግሥት ማዳመጥ ይማሩታል እንጂ ማንም ይዞት አይወለድም።

ኤፍቢአይ ራሱ ከዋኮ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካዋ ሞንታና ግዛት ውስጥ ፍሪሜን የተባሉትን ታጣቂዎች 81 ቀን ጠበቃቸው፤ ደም ሳይፈስ እጃቸውን ሰጡ። ለዚህ ግን ማንም ቪዲዮ አይሠራለትም። ፍንዳታ የለበትማ!