ብላክ የለም እንዴ?

እኛ ጋ ውስኪ የሚጠጣው በምላስ አይደለም፣ በአይን ነው፣ ያውም በሰው አይን። ደሴ ፒያሳ አንዱ ግሮሰሪ ግቡና ጥግ ይዛችሁ ታዘቡ። ድራፍት የያዘው ሰውዬ ብርጭቆውን የትም ያኖረዋል፣ ውስኪ ያወረደው ግን ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ካልቆመለት መጠጣቱም አይታወቀው፣ ደሞ መቆም ብቻ አይበቃም ስሙ ያለበት ፊት ወደ በሩ መዞር አለበት ገቢ ወጪው እንዲያነበው። አስተናጋጇ በጀርባው ካስቀመጠችው ወሬውን ሳያቋርጥ በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል፣ ያላየነው መስሎት። ወሎ ነውና ከጠረጴዛው ግማሹ ሚሪንዳ ነው የያዘው፣ አይጠጣም፣ ግን ማን መቼ ምን እንዳወረደ ከጠጪው በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ማዕረጉም የታወቀ ነው። ሬድ ሌብል ያወረደ ደሞዝ ገብቶለታል፣ ብላክ ሌብል ያወረደ ቦታ ሸጧል፣ ብሉ ያወረደውን ደሞ ከየት አመጣህ ብሎ የሚጠይቀው የለም፣ ሁሉም በሆዱ ገምቶ ጨርሷል። በቀለም መጥራቱ ግን የኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፣ እዛም ጠጪው ስሙን ትቶ በወረቀቱ ቀለም እየጠራ ሲያዝ ነው ጆኒ ዎከሮች እ.ኤ.አ. በ1909 እሺ ይሁንላችሁ ብለው ሬድ ሌብል ብላክ ሌብል ያሉት። አለም ሁሉ በወረቀት እየጠጣ ነው፣ አብሽሩ።

ከግሮሰሪው የሚብሰው ቡፌው ነው። ለቀለበት ለክርስትና ለምርቃት የመጣ ውስኪ አይከፈትም፣ ከሲኒዎቹ ጎን ይቆማል፣ ወይ ደሞ መጠቅለያው ተቀይሮ ሌላ ሰው ክርስትና ይሄዳል፣ ዞሮ ዞሮ መጀመሪያ የገዛው ሰውዬ ቤት የተመለሰ ጠርሙስ አለ ብለው የሚምሉ አሉ። የቡፌውን ባለቤት ብትጠይቁት «ይሄ እኮ ልጄ ስትወለድ የመጣ ነው፣ አሁንማ ምን የመሰለ አሮጌ ሆኗል» ይላችኋል። አልሆነም። ውስኪ የሚያረጀው የእንጨት በርሜል ውስጥ እያለ ነው፣ ጠርሙስ ከገባ በኋላ ዕድሜ አይቆጥርም። 12 አመት ተብሎ የታሸገ፣ ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተመርቃ ስራ ፈልጋ ብታጣም፣ እሱ ያው 12 ነው። ቁጥሩም ራሱ እዛ ውስጥ ከተቀላቀሉት የትንሽየው ዕድሜ ነው እንጂ የሽማግሌው አይደለም። «ጠቆር ያለው ይበልጣል» የምትለዋም ወሬ አትሰራም፣ ስኮች ላይ፣ የስኮትላንዱ ውስኪ ማለት ነው፣ ለመልክ ብለው ከስኳር የተሰራ ማቅለሚያ ጠብ ማድረግ በህግ ይፈቀድላቸዋል።

እና እንዲህ ባለ ሀገር የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ለአባቱ ቦርበን ይዞ መጣ። አባትየው ጠርሙሱን ከካርቶኑ አወጡት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ፊቱን አዩት፣ ጀርባውን አዩት፣ ቂጡን ገልብጠው አዩትና

«ብላክ የለም እንዴ?»

«አባዬ ይሄ ቦርበን ነው፣ የአሜሪካኖቹ።»

«ከምንድነው ሚሰራው?»

«ከበቆሎ።»

«በቆሎማ ጓሮ ሞልቶ የለም እንዴ ልጄ፣ አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደህ?»

ልጁ ትዕግስቱ አይጣል ነው፣ ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። ቦርበን ለመባል አሜሪካ ውስጥ መሰራት አለበት፣ ከእህሉ ቢያንስ 51 ፐርሰንቱ በቆሎ መሆን አለበት፣ ውስጡ በእሳት የከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ መግባት አለበት፣ ሲታሸግም ከ40 ፐርሰንት አልኮል መውረድ የለበትም፣ ብዙው ከኬንታኪ ይምጣ እንጂ ሌላም ስቴት መስራት ይቻላል፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ደሞ ኮንግረሱ ይሄ የአሜሪካ ብቻ ነው ብሎ ወስኗል። «ፓርላማ ተሰብስቦ ስለ አረቄ ተወያየ ነው የምትለኝ?» አሉ አባትየው፣ ነገሩ ደስ ያላቸው ይመስላል። አረቄ ያሉት ደሞ ለስድብ ቢሆንም ብዙም አልሳቱም፣ ውስኪም ከበርሜሉ በፊት እንደ አረቄያችን ነጭ ነው፣ መልኩንም ከጣዕሙም ብዙውን የሚያገኘው ከእንጨቱ ነው።

ነገር የተበላሸው በርሜሉ ላይ ሲደርሱ ነው። አዲስ መሆን አለበት ስለሚል አንዴ ቦርበን የለቀቀ በርሜል ለቦርበን አይመለስም፣ ስለዚህ ስኮትላንዶች ይገዙታል፣ ብዙው ስኮች የሚያረጀው እዛ ውስጥ ነው።

«እና ብላኩ በሰልባጅ በርሜል ነው?»

ልጁ መልስ አልሰጠም። እኔም ጣራ ጣራ አየሁ። ሰውዬው ልጅ የዳሩበትን ለሽምግልና የሄዱበትን ብላክ ሁሉ በየተራ የሚያስታውሱ ነው የሚመስለው።

አንድ ሰው ውስኪ ልጀምር ብሎ ቢጠይቀኝ ግን በቦርበን ጀምር ነው የምለው። በቆሎውና የከሰለው እንጨት ተጋግዘው ጣፈጥ ያደርጉታል፣ ሜከርስ ማርክ አይነቱ ደሞ ራይ የሚባለውን እህል ትቶ ስንዴ ስለሚገባበት የበለጠ ለስላሳ ነው፣ ራዩ የበዛበት ግን ቅመም ቅመም ይላል፣ ሚጥሚጣ የለመደ አፍ አያማርርም። ቦትልድ ኢን ቦንድ የሚል ካያችሁ እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ ባለ ህግ ቢያንስ 4 አመት በርሜል ውስጥ ቆይቶ በ50 ፐርሰንት አልኮል የሚታሸግ ነው፣ እሱን ለኋላ አቆዩት። ከስኮትላንዷ አይላ ደሴት የሚመጡት እነ ላፍሮይግ ብቅላቸውን የሚያደርቁት ፒት የሚባል የረግረግ አፈር አንድደው ስለሆነ ጭስ ጭስ ይላሉ፣ ፈረንጁ ጀማሪ ሆስፒታል ሸተተኝ ብሎ ይሸሻል አሉ፣ እኛ ግን ጋኑን በወይራ አጥነን ጠላ የምንጠጣ ሰዎች ከጭስ ምን አጣላን።

አጠጣጡ ላይ ነው ጉዱ። ሙሉ ጠርሙስ ማውረድ ምንም አያስፈልግም፣ ሲንግል አዝዞ መቅመስ ይበቃል፣ ግን ሲንግል ማዘዝ እኛ ጋ ነውር ነው፣ አስተናጋጇ ራሷ ታፍራለች። በኮካ አጥለቅልቆ መጠጣቱ ደሞ መብት ነው፣ ብቻ ለኮካ ከሆነ ርካሹ ይበቃ ነበር። በረዶ ካበዛችሁበት ሽታው ይሞታል። ትንሽ ቀድታችሁ አፋችሁን ከፈት አድርጋችሁ አሽትቱት፣ አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ አትክተቱት ያስለቅሳችኋል። የመጀመሪያው ጉንጭ ማቃጠል ብቻ ነው፣ በሱ አትፍረዱ፣ ሁለተኛውን አፍ ውስጥ አቆይታችሁ ዋጡ፣ ከከበዳችሁ ሁለት ሶስት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት፣ አምቦ ሳይሆን ተራ ውሃ።

ያን ለት ይሄን ሁሉ ልጁ እያሳየ አባትየው ባንድ ትንፋሽ ጨለጡትና «ያቃጥላል» አሉ፣ አለቀ። አክስቴ ቡና እየቆላች ነበር። አትጠጣም፣ ግን ብርጭቆውን እስቲ አምጣው ብላ ተቀበለችና አፍንጫዋ ስር እንደ ቡናው ጭስ በእጇ ወደራሷ ሳብ ሳብ አደረገችው። «ስኳር ሲያር... ከረሜላ ነገር... ኬክ ላይ የሚያደርጉት ያ ማነው ስሙ፣ ቫኒላ... ደሞ አናጢ ቤት።» ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ካርቶኑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቦ አሳየን፣ ካራሜል፣ ቫኒላ፣ ኦክ። «ማሽተትማ ምን አለው» አለችና ወደ ቡናዋ ዞረች።

አባትየው ሁለተኛውን ቀስ ብለው ጠጡት። ሶስተኛውንም። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና «ሸጋ ነው፣ ውሸት አልናገርም ሸጋ ነው» አሉ፣ ከዛ ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ እሁድ ኮምቦልቻ ሰርግ አለብኝ፣ ይቺን ያ ባዶው የብላክ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጣት፣ ይዤ ልሂድ።

«እሱማ የኑግ ዘይት አድርጌበታለሁ» አለች አክስቴ ከጀበናው ቀና ሳትል።