እርማት፦ «ጸንቷል» ማለት «ከእንግዲህ አይለወጥም» ማለት አይደለም

«የወረዳ ፍርድ ደብረ ብርሃን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ ‹ጸንቷል› ከተባለ የሚያነቃንቀው የለም» የተባለው ይታረም። በሰሜን ሸዋ በመሬትም በውርስም ክርክር ደጋግሞ የሚሰማ ነው፤ መብቱን ትቶ ቤቱ የሚገባው ብዙ ነው።

ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፍርድን ያጸናል፣ ያሻሽላል ወይም ይሽራል (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 348)። «ጸንቷል» የሥር ፍርድ ቤቱ ውሳኔ እንዳለ ተቀባይነት አገኘ ነው። የሚዘጋው የመደበኛው ይግባኝ በር ነው። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበት የመጨረሻ ውሳኔ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ይቀርባል።

ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው አቤቱታው ላይ ነው። «ምስክሮቼ አልታመኑልኝም» የፍሬ ነገር ቅሬታ ነው፤ ሰበር አያየውም። «ይርጋው (መብት የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ) ያለ አግባብ ተቆጠረብኝ» ግን የሕግ ጥያቄ ነው። የሁለቱንም ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ግልባጭ ቶሎ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የሰበር አቤቱታ ማቅረቢያው ጊዜ ካለፈ ስህተቱ የቱንም ያህል ቢጎላ አይረዳም። አቤቱታ ማስገባትም ብቻውን አፈጻጸምን አያቆምም። እግድ ካልተጠየቀና ካልተፈቀደ ክርክሩ ገና እያለ መሬቱን ማስረከብ ሊመጣ ይችላል፤ ይህን የሚዘነጋው ደግሞ ጠበቃ የሌለው ባለጉዳይ ብቻ አይደለም።

«ጽኑ እስራት»ም በዚሁ መንገድ ይጣመማል። ቃሉ የቅጣቱን ክብደት እንጂ አለመቀነሱን አይናገርም፦ በመርህ ደረጃ ከ1 እስከ 25 ዓመት ነው፤ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና መስፈርቱን ያሟላ ታራሚም በአመክሮ ሊፈታ ይችላል።