ፎቶው ይቆየን፣ ፈረቃውን ስጧት

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው እንበል። ከምድር ሆድ ሙቀት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት፣ ማለትም ለጂኦተርማል፣ የሚቆፈረው ጉድጓድ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ደርሷል። ከጭቃው ጋር እየታጠበ የሚወጣው የድንጋይ ፍርፋሪ በየጥቂት ሜትሩ ይታፈስና ጥልቀቱ በተጻፈበት ትንሽ ከረጢት ተደርጎ ጂኦሎጂስቷ ወደተቀመጠችበት ኮንቴይነር ይመጣል። ታጥበዋለች፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ታደርገዋለች፣ ከግራጫው መሐል ቢጫ የሚመታ አረንጓዴ ቅንጣት ታያለች። ኤፒዶት ነው። ይህ ማዕድን በብዛት የሚፈጠረው ሙቀቱ ወደ 240 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሲሆን በመሆኑ፣ ቴርሞሜትር ሳይወርድ ስለ ጉድጓዱ ሆድ ብዙ ይናገራል። የጉድጓዱን ግድግዳ የሚደግፈው የብረት ቱቦ የት ላይ ይቁም የሚለው ውሳኔም በከፊል ከዚህችው ቅንጣት ይነሣል።

ጠዋት በስብሰባው ላይ ግኝቱን የሚያቀርበው የክፍሉ ኃላፊ ነው። ሪፖርቱ ሲወጣ የእሷ ስም ከመጨረሻው ገጽ፣ ከምስጋናው ሥር ይገኛል፤ ያውም ከተገኘ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት የእርሻና የጓዳ ዘመን ቅሪት ይመስለን ነበር። ለካ ሪግ የሚባለው የቁፋሮ ማሽን ላይም ወጥቷል።

የጂኦተርማል ዘርፍ ሴቶችን «እንዲታዩ» ለማድረግ የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው ከካሜራ አያልፍም። ሄልሜት ያደረገች ፈገግተኛ ወጣት በብሮሸሩ ሽፋን ላይ ትወጣለች፣ በማርች 8፣ በሴቶች ቀን፣ የምሳ ግብዣ ይደረጋል፣ በቃ። በፎቶው አልቀናም። ችግሩ ፎቶው የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በጉብኝት ቀን መሆኑ ነው።

ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ፣ ኢሬና፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት በታዳሽ ኃይል ዘርፍ ከሚሠሩት ውስጥ ሴቶች 32 በመቶ ናቸው። በነዳጅና ጋዝ 22 በመቶ ስለሆኑ እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ደስ ሊለው ይችላል። ዝርዝሩ ግን ሌላ ነው፤ በአስተዳደር ሥራ 45 በመቶ፣ በሳይንስና ምሕንድስና ሥራ 28 በመቶ። ጂኦተርማል ደግሞ ከታዳሽ ኃይል ቤተሰብ የተወለደ ቢሆንም ያደገው በነዳጅ ቤት ነው። ማሽኑን፣ የቁፋሮ ባለሙያውን፣ የሥራ ልማዱን፣ ቀልዱን ሳይቀር ያመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚህ ሙያ የዕድገት መሰላሉ ሪጉ ነው። አንድ ሰው ለፕሮጀክት ኃላፊነት ሲታጭ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ጉድጓድ ላይ ሠርተሃል?» ነው። ጉድጓድ ደግሞ እንደ ፀሐይ ፓነል በየቀኑ የሚተከል ነገር አይደለም። አንዱ ብቻ ሚሊዮን ዶላሮችን ይበላል፤ ከመጀመሪያው የገጸ ምድር ጥናት እስከ ኤሌክትሪክ ማመንጨት አሥር ዓመት ቢፈጅ የሚገርም የለም፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቁፋሮ የሚካሄድባቸው ወራት ጥቂት ናቸው። እንግዲህ አንዲት ባለሙያ በእነዚያ ወራት በወሊድ ፈቃድ ላይ ብትሆን ያመለጣት አራት ወር አይደለም። የሚቀጥለው ቁፋሮ የሚጀመረው ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ ከሆነ፣ ያን ያህል ዓመት ከእኩዮቿ ኋላ ቀረች ማለት ነው። ስትመለስ «ላብራቶሪው ይሻልሻል» ትባላለች። በደግነት ነው የሚባለው፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ደግነትን ማን ይከስሳል?

ሥልጠናውም ያው ነው። በአይስላንድ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በብዙ አገር ያሉ የጂኦተርማል ባለሙያዎችን ያፈራው ታዋቂው ሥልጠና ስድስት ወር ይፈጃል። ትንሽ ልጅ ያለው አባት ይሄዳል፣ እንኳን ደስ ያለህ ይባላል። እናቲቱ ስታመለክት ግን «ልጁስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሥልጠናው ምንም አላጠፋም፤ ጥያቄው የሚላከው ሰው በሚመረጥበት ቢሮ ነው።

«ሪግ አደገኛ ቦታ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ከጉድጓዱ ሊወጣ የሚችለው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ማሽተቻን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ያስመስላል። ግን ጋዙ ወንድ ሴት አይለይም፤ የሚለየው ጭምብሉ ነው። ለሰፊ ፊት የተሠራ ጭምብል በጠባብ ፊት ላይ በጎን ያስገባል። ከፍታ ላይ የሚታሰረው ቀበቶም እንዲሁ፤ በልኳ ካልሆነ ስትወድቅ አይዛትም። አደጋው ያሳሰበው ድርጅት በልኳ ይግዛላት። መጸዳጃ ቤትም ይሥራላት፤ የአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ የምትውል ኢንጂነር ለማንም ደኅንነት አትበጅም። ይህን ማስረዳት ማስፈለጉ ራሱ ያሳፍራል።

«ብቃት እንጂ ጾታ አይታይም» ለሚለውም መልስ አለኝ። ብቃት የሚለካው በሪግ ልምድ ከሆነና ሪጉ ላይ የሚመደበውን ሰው የሚወስነው ልማድ ከሆነ፣ እየታየ ያለው ጾታ ነው። በሩ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ደግሞ ኦልካሪያ የተባለውን የጂኦተርማል መስክ የሚያለማው የኬንያው የኤሌክትሪክ አመንጪ ድርጅት ኬንጄን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2022 የመሩት ርብቃ ሚያኖ ናቸው፤ የሕግ ባለሙያ፣ በዚያው ድርጅት ለዓመታት ያገለገሉ። እሳቸው በሕጉ በኩል ወጡ። የቁፋሮዋ ኢንጂነር በቁፋሮው በኩል ትወጣ ዘንድ ፈረቃው ያስፈልጋታል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተው ዊንግ የተባለው የጂኦተርማል ሴቶች መረብ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነው የሚንቀሳቀሰው። ይህ ያስመሰግናቸዋል፤ ግን ሴቶቹ ከሥራ ሰዓታቸው ውጪ፣ ያለ ክፍያ፣ የአሠሪዎቻቸውን የቤት ሥራ እየሠሩላቸው ነው ማለትም ነው። አሠሪዎች ቢያንስ ሁለት ነገር ዛሬውኑ ማድረግ ይችላሉ። ናሙናውን ያየችው ባለሙያ ስሟ ከሪፖርቱ ሽፋን ላይ ይግባ፤ ስብሰባው ላይም ራሷ ታቅርበው። ደግሞም የቁፋሮ የፈረቃ ሰንጠረዥ የሚወጣው ማሽኑ ከመተከሉ ከወራት በፊት ነው፤ ያኔ ከወሊድ የምትመለሰዋ መቼ እንደምትመለስ ተጠይቃ የሚቀጥለው ጉድጓድ ላይ ስሟ ቀድሞ ይጻፍ። የሌሊቱ ፈረቃ ቢሆንም ግድ የለም፤ ኤፒዶት ሌሊትም ይወጣል።