«ፖሊሱ ምን አገባው?»

በልጅነቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት «ሾሌ» የተባለውን የሕንድ ፊልም አይቻለሁ። ጋባር ሲንግ የተባለው ሽፍታ ቤተሰቡን ፈጅቶ ሁለት እጆቹን የቆረጠበት ታኩር፣ በመጨረሻ ጠላቱን ከእግሩ ሥር ጥሎ ባለ ሚስማር ጫማውን ሊያሳርፍበት ሲል ፖሊስ ይደርስና ይከለክለዋል። ይህን ጊዜ ለገበያ መጥተው ከኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ አንድ አባት ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው «ፖሊሱ ምን አገባው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ አወካ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም።

ያ ፖሊስ በመጀመሪያው ፍጻሜ ውስጥ እንዳልነበረ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ ሕንድ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፤ ዳይሬክተሩ ራመሽ ሲፒ ታኩር ጋባርን ሲገድለው ቀርጾ የነበረ ቢሆንም፣ ሳንሱሩ ስላልፈቀደ ፍጻሜው ተለውጦ ለሕዝብ ቀረበ።

ይህን የማነሣው፣ የድሮ ፊልም ክፉን ይቀጣ ነበር፣ የዛሬው ግን ይለቀዋል፣ ስለዚህ ሥነ ምግባር ጠፋ የሚለው ወቀሳ ስለማይዋጥልኝ ነው። የሆሊውድ የድሮ ቅጣት አብዛኛውን ጊዜ ከደራሲው ኅሊና ሳይሆን ከደንብ የመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣውና ከ1934 ጀምሮ የጠበቀው የሄይስ ደንብ፣ ተመልካች ለወንጀለኛ እንዲያደላ የሚያደርግ ፊልም እንዳይሠራ ይከለክል ነበር፤ የቀረውም በ1968 ነው። በ1956 የወጣው «ዘ ባድ ሲድ» ለዚህ ምስክር ነው፦ በመድረክ ተውኔቱ ነፍሰ ገዳዪቱ ሕፃን በሕይወት ስትተርፍ፣ በፊልሙ ግን መብረቅ መትቶ ይገድላታል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም እንላለን፤ እዚህ ግን ቁናውን የያዘው ሳንሱሩ ነው።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» የተባለው ፊልም ገዳዩን አጥንቱ ተሰብሮም ቢሆን በእግሩ ሄዶ እንዲያመልጥ ይተወዋል። ሆኖም ከዚያ በፊት ባሏ የተገደለባት ሴት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ ዕጣ ፈንታዋን በሳንቲም እንድትገምት ሲጠይቃት እምቢ ትለዋለች፤ የሚወስነው ሳንቲሙ ሳይሆን እርሱ ራሱ መሆኑንም ትነግረዋለች። እኔ ይህን ከመብረቁ አስበልጣለሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በብዙ የዛሬ ፊልሞች ገዳዩ ለባሽና ቀልደኛ ሆኖ ሲቀርብ ሟቾቹ ስም እንኳ የላቸውም፤ አልቃሽ አይመጣላቸውም፣ ቤታቸው አይታይም። በጎጃም ገጠር ሰው ሲገደል ለሙሾው ስሙና የአባቱ ስም ይጠራል፤ ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ሲቀመጡም ገዳዩ የሚቀርበው ከሟች ወገን ፊት ነው፤ ያለ እነርሱ ይቅርታም ካሳም የለም። የእኒያ አባት ጥያቄም ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል። ሰውየው ለምን አልተገደለም ማለታቸው ሳይሆን፣ ነገሩ በበዳይና በተበዳይ መካከል ሳለ ሦስተኛ ሰው ገብቶ ተበዳዩን ወደ ጎን ማድረጉን አልወደዱትም።

የተከለከለውን ፍጻሜ በቅርቡ በስልኬ አየሁት። ጋባር ይሞታል፤ ቪዲዮ ቤቱ ይህን ቢያይ ኖሮ በጭብጨባ ጣሪያው ይነሣ ነበር። ታኩር ግን ደስ አላለውም። ያለቅሳል፤ እንባውን የሚጠርግበት እጅ የለውም።