ይድረስ ከኋላዬ ለቆምሽው አኻያ

ቁጥር፦ ስንተኛው አቤቱታዬ እንደሆነ ጠፍቶኛል
ለ፦ ክብርት ወይዘሮ አኻያ
አድራሻ፦ ኮሎራዶ፣ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ዳር፣ ከዴከርስ ትንሽ ዝቅ ብሎ
ጉዳዩ፦ የተወሰዱብኝን ዝንቦች ስለማስመለስ

ክብርት ሆይ፣

ደብዳቤውን በአንቱታ ልጽፈው አስቤ ነበር። ሁለት መስመር ሞከርኩና ተውኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ ኮፍያዬን ሳይቀር ስትነጥቂኝ ኖረሽ፣ "እርስዎ" የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። አንቺ እልሻለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ ከአውሮራ የሚመጣው፣ እስከ ደረቱ የሚደርስ የላስቲክ ሱሪ የሚለብሰው፣ ወንዙ መሃል ቆሞ በአማርኛ የሚሳደበው ሰውዬ እኔ ነኝ። ሌሎቹ በእንግሊዝኛ ነው የሚሳደቡት። ስለዚህ አትሳሳቺኝም።

ይህ ደብዳቤ በግልባጭ የሚደርሳቸው ሰዎች ስላሉ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በተራው ዓሣ ማጥመድ ክብደቱ ያለው መንጠቆው በኩል ነው። እርሳስ ይታሰርበታል፣ ትል ይሰካበታል፣ ይወረወራል፤ ክሩ ይከተለዋል። የእኛ ተገላቢጦሽ ነው። መንጠቆው ላይ ያለችው የውሸት ዝንብ ከላባና ከክር ስለተሠራች ምንም ክብደት የላትም። የሚወረወረው ገመዱ ነው፤ ወፈር፣ ከበድ ያለ ገመድ። እሱ ወደ ፊት እንዲበር ደግሞ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሄዶ ቀጥ ብሎ መዘርጋት አለበት። ወደ ፊት አሥር ሜትር መወርወር የፈለገ ሰው ከኋላው አሥር ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። የጠየቅኩት ይህንን ብቻ ነው። ሰው ከፈጣሪው ስንት ነገር ይለምናል፤ እኔ አሥር ሜትር አየር ለመንኩ።

እና ከኋላዬ ማን አለ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የሄይማን እሳት ይህን አካባቢ በልቶታል። ከ130 ሺህ ኤከር በላይ ነው የነደደው። ከወንዙ በላይ ያለው ተራራ እስከ ዛሬ ቦታ ቦታው ራሰ በራ ነው። ጥድ በነበረበት ድንጋይና ሣር ቀርቷል። ይህን ሁሉ ባዶ መሬት ትተሽ፣ ሄደሽ ሄደሽ የበቀልሽው ልክ ከቀኝ ትከሻዬ ኋላ ነው። አጋጣሚ ነው እንዳትዪኝ።

እርግጥ አወራወሬም ፍጹም አይደለም። መጀመሪያ ያስተማረኝ ፈረንጅ "ዘንግህን ከአሥር ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ብቻ አንቀሳቅስ" አለኝ። ጎኔን ከሰዓት ፊት ጋር አመሳስሎ ማለቱ ነው። እኔ ሆዬ የሐበሻ ልጅ ነኝ። በእኛ አሥር ሰዓት ሲሆን ትንሿ ቆጣሪ አራት ላይ ናት፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ስምንት ላይ። እንደዚያ ብተረጉመው ዘንጉ ከወገቤ በታች ውኃ ሲያማስል ሊውል ነው። ሰውየው ለምን ግራ እንደተጋባሁ እስከ ዛሬ አልገባውም። ያም ሆኖ ይህ የእኔና የሰዓቱ ጉዳይ ነው። አንቺ ምን አገባሽ?

አሁን ወደ ዋናው ክስ ልግባ። የምትወስጂው ዕቃ ምን እንደሆነ የምታውቂ አይመስለኝም።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሞርሳ አስራለሁ። ጋራዥ ውስጥ ያለውን ሞርሳ አስቢ፤ የእኔው የእሱ የልጅ ልጅ ነው። አፉ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ መንጠቆ እሰካለሁ። ቁጥር 22 ትባላለች። በዚህ ዓለም ቁጥሩ ሲጨምር ዕቃው ያንሳል፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። አጉሊ መነጽር አደርጋለሁ። ትንፋሼን እይዛለሁ። ከፒኮክ ላባ አንዲት ዘለላ፣ ከጥንቸል ጆሮ ትንሽ ጸጉር፣ ከዳክዬ መቀመጫ አካባቢ የተነቀለ ለስላሳ ላባ። ይቅርታ፣ ግን እውነት ነው፤ ዳክዬዋ ላባዋን የምትቀባው ዘይት የሚመነጨው እዚያ ስለሆነ ያ ላባ ውኃ ላይ አሪፍ ይንሳፈፋል። በመጨረሻ ክሩ እንዳይፈታ የባለቤቴን ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጠብ አደርግበታለሁ። ይህን ባለቤቴ አታውቅም። ጠርሙሱ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ግን መጠርጠር ጀምራለች።

አንዷን ለመሥራት አርባ ደቂቃ ይፈጅብኛል። የለመደ ሰው በአምስት ደቂቃ ይጨርሳታል ይባላል። ይባል።

አንድ ቀን እማዬ ከአዲስ አበባ ደወለች። "ምን እየሠራህ ነው?" አለችኝ። "ዝንብ እያሰርኩ" አልኳት። ዝም አለች። ቆየት ብላ፣ "ምን አድርጋህ?" አለችኝ።

አስረዳኋት። ባላስረዳት ይሻል ነበር። አዳምስ የምትባል ዝነኛ ዝንብ አለች። በ1922 ሚሺጋን ውስጥ ሌናርድ ሃላዴይ የተባለ ሰው ነው የሠራት፤ ስሟን ያገኘችው ከወዳጁ ከቻርልስ አዳምስ ነው። አንገቷ ላይ ሁለት ዓይነት የአውራ ዶሮ ላባ ይጠመጠማል፦ አንዱ ቡናማ፣ ሌላው ገብስማ። ጥሩው የአንድ ዶሮ አንገት ቆዳ ከመቶ ዶላር በላይ ያወጣል። እዚሁ ኮሎራዶ፣ ዴልታ ከተማ፣ ዶሮ ለላባው ተብሎ የሚረባበት እርሻ አለ። ይህን ሁሉ በኩራት ስተርክላት እማዬ የያዘችው አንድ ቃል ብቻ ነው።

"ገብስማ አውራ ዶሮ?"

"አዎ።"

"መቶ ዶላር?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"ማን ነው ያዘዘልህ?"

በማግሥቱ እህቴ ደውላ፣ ሰው ሲገኝ ጸበል እንደሚላክልኝ ነገረችኝ።

ባለቤቴ ደግሞ በሌላ በኩል መጣች። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አላት፤ አንተ የገዛኸው ከአሥራ ሁለቱ የትኛው ነው? አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሥጋ የለው፣ እንቁላል የለው፤ በፕላስቲክ የታሸገ ቆዳ ከነላባው። የፋሲካ ለት ቡና እየተጠጣ አንዲት ገብስማ ላባ በርራ እንግዳ ስኒ ውስጥ ገባች። የሆነውን አልነግርሽም።

እንዲህ ተከፍሎባት፣ እንዲህ ታምታብኝ የተሠራች ዝንብ ስንት ጊዜ ትኖራለች? ወንዙ ላይ የምናስመስላት እውነተኛዋ ነፍሳት፣ ሜይፍላይ የምትባለው፣ እንኳ ክንፍ ካወጣች በኋላ የምትኖረው ከጥቂት ሰዓታት እስከ አንድ ሁለት ቀን ነው። የሚሠራ አፍ እንኳ የላትም፤ ሳትበላ ተጋብታ ትሞታለች። አሳዛኝ ነው። የእኔዋ ግን በዚህች ትቀናለች። ከሳጥኗ ወጣች፣ ታሰረች፣ ወደ ኋላ አንድ ጊዜ በረረች፣ ሾፕ! አንቺ ጋ ቀረች።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ አበው። እኔ ስድስት ዓመት ጎርጉሬ ያወጣሁት ቅርንጫፍ ነው።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ደግሞ ሕግ አለማክበርሽ ነው። ከአንቺ ከፍ ብሎ፣ ቺዝማን ካንየን ውስጥ፣ የተያዘ ዓሣ ሁሉ ተመልሶ ይለቀቃል። ሕጉ ነው። እኔም እዚህ ታች በፈቃዴ እለቃለሁ። ይህንን ለሐበሻ ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንዱ ጋሼ "ስንት ኪሎ አመጣህ?" ይሉኛል። "ለቀቅኩት ጋሼ" እላለሁ። "አመለጠህ ማለትህ ነው" ይሉኛል። "አይ፣ ይዤ፣ ስሜ፣ ለቀቅኩት።" ከዚያ በኋላ በሐዘኔታ ትከሻዬን ቸብ ያደርጉኛል። ጾም ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እኔ ቤት ፈትቼዋለሁ። ባለቤቴ አምርራ ስትጠይቀኝ ብቻ በመንገዴ ሱቅ ጎራ ብዬ ቲላፒያ እገዛለሁ።

ሁላችንም ይዘን እንለቃለን። ይዘሽ የማትለቂ አንቺ ብቻ ነሽ። ፈቃድስ አውጥተሻል? እኔ በየዓመቱ ከፍዬ አወጣለሁ።

በነገራችን ላይ ሦስታችን ስንገናኝ የአገሬው ተወላጅ አንቺ ነሽ። እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ። ከሥሮችሽ ሥር የተደበቀው ዓሣ፣ ቡናማ ትራውት የሚባለው፣ ዘሩ ከአውሮፓ ነው። ቀስተ ደመናማው ትራውትም ቢሆን ከፓሲፊክ ዳር ነው ያመጡት። የእነሱ ዘመዶች እንዲያውም በኬንያ በኩል ባሌ ድረስ ሄደው፣ ዲንሾ አጠገብ ዌብ ወንዝ ውስጥ ኑሮ መሥርተዋል። ሁለት ስደተኞች ወንዝ መሃል ቆመን ለመተዋወቅ ስንሞክር መሃላችን ገብተሽ ቀረጥ ትሰበስቢያለሽ። ካበዛሽው ደግሞ ትኬቴን ቆርጬ ወደ ዌብ ሸለቆ እሄዳለሁ። እዚያ ላይ፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ሣር ነው ያለው። ዛፍ የለም። ወደ ኋላ መቶ ሜትር ባዶ! ሌሊት ሌሊት በሕልሜ አየዋለሁ።

"ለምን ቦታ አትቀይርም?" የሚሉኝ አሉ። የማያውቁ ናቸው። ዓሣው ያለው አንቺ ሥር ነው። ጥላው ያንቺ፣ የሚደበቅበት ሥር ያንቺ፣ ከቅጠልሽ እየረገፈ የሚበላው ጉንዳንም ያንቺ። ቀለብ እየሰጠሽ አኑረሽዋል። ዕቃዬን ትወስጂያለሽ፣ የምፈልገውን ደግሞ ከጉያሽ ይዘሻል። ይህንን ነው ግፍ የምለው።

ሮል ካስት የሚባል አወራወርም ተምሬያለሁ። ገመዱ ከኋላ አይዘረጋም፤ ከጎን ተንከባልሎ ወደ ፊት ይሄዳል። አንቺን ለማምለጥ ብዬ ክረምቱን ሙሉ ሣር ሜዳ ላይ ተለማመድኩት። ጎረቤቶቼ ዓሣ በሌለበት ሣር ላይ ሳጠምድ አይተውኛል። ፀደይ ሲመጣ ሞከርኩት። ተሳካ። ከኋላዬ ምንም አልነካሁም። ዝንቧ ወንዙን አቋርጣ ማዶ ካለችው እህትሽ ላይ ጉብ አለች።

እንግዲህ አንድ ነገር ቀርቷል። ልጽፈው አልፈለግኩም ነበር፤ ግን ከሰሰ ተብሎ መደበቅም ነውር ነው።

ባለፈው መስከረም አንዷን ለማስመለስ እላይሽ ላይ ወጣሁ። በላስቲክ ሱሪ ዛፍ መውጣት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ስላልነበረ አመሰግናለሁ። የራሴን ሳገኝ አጠገቧ ሌላ ተንጠልጥላለች። አዳምስ ናት። የእኔ አይደለችም፤ በዓይን ያስታውቃል። ላባዋ እኩል ተጠምጥሟል፣ ጅራቷ ቀጥ ያለ፣ አንድ ክር እንኳ አላፈነገጠም። አምስት ደቂቃ የሚፈጅበት ሰው ሥራ ናት። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ፈታሁና ወሰድኳት።

በዚያች ዝንብ፣ በሁለተኛው ውርወራ፣ ከሥርሽ ያለውን ያዝኩት። ክንድ የሚያህል ቡናማ፣ ጎኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለው። በስድስት ዓመት ውስጥ ለጋሼ በኩራት ያወራሁት እሱን ብቻ ነው። የማንን ዝንብ እንደተጠቀምኩ አልነገርኳቸውም።

ዝንቧን በሦስተኛው ውርወራ መልሰሽ ወሰድሻት። ስለ እሷ ክስ የለኝም። የቀሩትን አሥራ አራቱን ግን እፈልጋቸዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ባለ ላስቲክ ሱሪው

ግልባጭ፦
ለነፋስ፣ ለግብረ አበርሽ
ማዶ ላለችው እህትሽ
ለባለቤቴ (የጥፍር ቀለሙ የተጠቀሰበት አንቀጽ ተቆርጦ)
ከሥርሽ ላለው ቡናማ፣ ቅዳሜ እንደምመጣ እንዲያውቀው