ቪየና ከመናፈሻዋ የጎደሉትን ቆጠረች፤ ከምርጫ ሣጥኑ የጎደሉትንስ?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የኦስትሪያን ዋና ከተማ የቪየናን መናፈሻዎች ያጠኑ ባለሙያዎች አንድ እንግዳ ነገር አዩ። ሴቶች ልጆች ዘጠኝና ዐሥር ዓመት እስኪሞላቸው ከወንዶቹ እኩል ሲጫወቱ ይቆያሉ፤ ከዚያ በኋላ ድራሻቸው ይጠፋል። ወንዶቹ ግን እዚያው ናቸው። ምክንያቱ ሲፈለግ የሜዳው አሠራር ሆኖ ተገኘ። የኳስ ሜዳው በሽቦ ታጥሯል፤ መግቢያው አንድ ነው። ቀድሞ የገባ የወንዶች ቡድን በሩን ይይዘዋል፤ ልጃገረዶቹ ተጋፍተው ከመግባት ቤታቸው መቅረትን መረጡ።

በ5ኛው ወረዳ፣ በማርጋሬተን ያለው የአይንዚድለር መናፈሻ ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ተሠራ። መግቢያው በዛ፣ የመረብ ኳስና የባድሜንተን መጫወቻ ተጨመረ፣ ሰብሰብ ብለው የሚያወሩበት መቀመጫ ተበጀ። ልጃገረዶቹ ተመለሱ።

ስለ አውሮፓ ከተሞች በተነሣ ቁጥር ወሬው ስለ ብስክሌት መንገድ፣ ስለ ዛፍና ስለ ኤሌክትሪክ አውቶቡስ ነው። እነዚህን አልንቅም፤ የምንተነፍሰው አየር ናቸው። ሌሎች ከተሞች ከቪየና ሊማሩት የሚገባው ትልቁ ነገር ግን ይህ ጥያቄ ይመስለኛል፦ እዚህ መገኘት ሲገባው የሌለው ማን ነው?

ጥያቄው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ኤቫ ካይል የተባሉት የከተማ ፕላን ባለሙያ በ1991 ከባልደረቦቻቸው ጋር «የሕዝብ ቦታ የማን ነው?» ብለው የሴቶችን የዕለት ውሎ የሚያሳይ የፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅተው ነበር። በ1997 ደግሞ ፍሎሪድስዶርፍ በተባለው የቪየና ወረዳ ሴት አርክቴክቶች የነደፉት ባለ 357 ቤት መንደር ተጠናቀቀ፤ መዋዕለ ሕፃናት ግቢው ውስጥ፣ የሕፃን ጋሪ ማስቀመጫ በየፎቁ። ልጅ አዝላ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ ደረጃ የወጣች እናት የዚህን ጥቅም የሚያስረዳት አያሻትም።

ከተማዋን ከሁሉ በላይ የሚያስጠራት ግን የቤት ጉዳይ ነው። በ1923 ቤቱ በተንደላቀቀ ሰው ላይ እየከበደ የሚሄድ የቤት ግብር ጣለች፤ እስከ 1934 ድረስም ከ60,000 በላይ የኪራይ ቤቶች ሠራች። ከእነዚህ አንዱ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ካርል ማርክስ ሆፍ የተባለው የመኖሪያ ሕንፃ፣ ሲሠራ የልብስ ማጠቢያ፣ መታጠቢያ፣ መዋዕለ ሕፃናትና ቤተ መጻሕፍት ነበሩት። በርሊን በ2004 ከ60,000 በላይ ቤቶቿን ባንድ ጊዜ ስትሸጥ ቪየና የራሷን አልሸጠችም። (በርሊን በ2021 ከ14,000 በላይ ቤቶችን ከገበያው መልሳ ለመግዛት ተገዳለች።) ዛሬ ቪየና 220,000 ያህል የራሷ ቤቶች አሏት፤ ከነዋሪዋ አራት አንዱ የሚኖረው በእነሱ ነው።

ታዲያ ያንኑ ጥያቄ በቤት ፈላጊዎቹ ሰልፍ ላይ እንጠይቀው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሰው፣ ጥገኝነት ካላገኘ በስተቀር፣ ለእነዚህ ቤቶች ለመመዝገብ የረጅም ጊዜ መኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ የአምስት ዓመት ኑሮ፣ የጀርመንኛ ፈተናና በቂ ገቢ ይጠይቃል። እስከዚያ ድረስ ጎህ ሳይቀድ ቢሮ የሚያጸዳውና አረጋውያንን የሚያነሣው ሰው በጊዜ በተገደበ ውል ከግል አከራይ ይከራያል፤ ውሉ ባለቀ ቁጥር ዕቃውን ይሸክፋል። ከተማዋን የሚያቆማት ጉልበት በከተማዋ ውስጥ ተረጋግቶ መቀመጥ አልቻለም። ይህ ያሳዝነኛል።

የምርጫው ነገር ይብሳል። በቪየና ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰው ነዋሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል የኦስትሪያ ዜግነት ስለሌለው የከተማውን ምክር ቤት አይመርጥም። ዜግነት ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ ዐሥር ዓመት መጠበቅና የቀድሞውን ዜግነት መተው ግድ ነው። ከተማዋ ከ20 ዓመት በላይ ቀደም ብላ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጡና ለረጅም ጊዜ የኖሩ የውጭ ዜጎች ቢያንስ የወረዳ ምክር ቤት እንዲመርጡ ሕግ አውጥታ ነበር፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2004 ሻረው። የመናፈሻና የመጫወቻ ሜዳ በጀት በእጁ ያለው ደግሞ ያው ወረዳው ነው። ከኅብረቱ ውጭ የመጣች፣ ልጆቿ በሜዳው የሚጫወቱ እናት ስለ ሜዳው ድምፅ የላትም።

ሕገ መንግሥት ለማሻሻል በፌዴራሉ ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ነገ የሚገኝ እንዳልሆነ ይገባኛል። ነገር ግን መናፈሻ ሲታደስ ነዋሪውን ጠርቶ ማማከር በዚህ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። ያን ስብሰባ የማታ ሠራተኛ ሊደርስበት በሚችል ሰዓት መጥራት፣ የቱርክኛ፣ የሰርብኛ፣ የዐረብኛ፣ ሰው ካለም የአማርኛ አስተርጓሚ ማስቀመጥ፣ ከዚያም የመጡትን ከሰፈሩ ነዋሪ ጋር አስተያይቶ ማን እንዳልመጣ በቃለ ጉባኤው ማስፈር የማንንም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አይጠይቅም።